ጥር 15 ከሥራ ተባረርኩ፣ «ከፋሲካ በኋላ ኑ» ይላሉ። ልጠብቅ ወይስ ልክሰስ?

ወይኒ የጎንደር (ጠያቂ)

እንዴት ሰነበታችሁ። ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ብዙ ቀን ቆየሁ። ዛሬ ግን የሚያውቅ ሰው ካገኘሁ ብዬ ነው።

ፒያሳ አካባቢ አንድ ሆቴል ውስጥ ሁለት ዓመት ከአራት ወር በአስተናጋጅነት ሠርቻለሁ። ስሙን አልጠራም። ስገባ የፈረምኩት ወረቀት የለም። «ነገ ጥቁር ሱሪና ነጭ ሸሚዝ ይዘሽ ነይ» ነው የተባልኩት፣ በቃ ውሌ እሱ ነው። ደመወዜ 5,200 ብር ነው። መጀመሪያ በእጅ ነበር የሚሰጡኝ፣ ካምና ወዲህ በቴሌብር ሆኗል።

ጥምቀት ጎንደር ላይ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግርም። ከጥር 8 እስከ 12 አምስት ቀን ሙሉ ጠዋት 1 ሰዓት ገብቼ ሌሊት 6 ሰዓት ነው የወጣሁት፣ መሀል ላይ ተሰባስቦ ቢቆጠር አንድ ሰዓት ባርፍ ነው፣ ምሳም ቆሜ ነው የበላሁ። ታቦት ሲገባ እልልታውን የሰማሁት ከወጥ ቤት ነው። ማታ እግሬ አብጦ ጫማዬን የምታወልቅልኝ እናቴ ነበረች።

ጥር 14 ሦስት ሆነን ሥራ አስኪያጁን «ትርፍ ሰዓቱ ይታሰብልን» አልነው። የተናገርኩት እኔ ነኝ። «በቲፕ ጠግበሽ የለ እንዴ?» አለኝ። በማግስቱ «ከነገ ጀምሮ አትምጪ፣ ሂሳብሽ ይላክልሻል» ተባልኩ። ደብዳቤ የለ፣ ምን የለ። የተላከልኝ 1,700 ብር ነው። የ15 ቀኑ 2,600 ነበር። 640 ሳይከፍሉ የወጡ እንግዶች ሂሳብ፣ 260 የተሰበረ ብርጭቆ ብለው 900 ቆረጡ። እንግዶቹ የሄዱት እኔ ሌላ ጠረጴዛ እያስተናገድኩ ነው።

አጎቴና የንስሐ አባታችን ሽማግሌ ሆነው ባለቤቱ ጋ ሄዱ። ባለቤቱ ክፉ ሰው አይደለም፣ በአክብሮት ነው ያስተናገዳቸው። «ጾሙ ይፈታና ከፋሲካ በኋላ ኑ፣ እንነጋገራለን» አላቸው። ዛሬ መጋቢት 24 ነው። እናቴ «ከተማው ጠባብ ነው፣ ሰው አታስቀይሚ፣ ጠብቂ» ትላለች። ጓደኛዬ ደግሞ ይርጋ የሚባል፣ ጊዜው ካለፈ መክሰስ የሚከለክል ነገር አለ አለችኝ። ውል ሳይኖረኝ መክሰስ እችላለሁ? ወይስ ልጠብቅ?

ያራዳው

እህቴ እውነቱን ልንገርሽ። ያልፈረምሽበትን ነገር ፍርድ ቤት ምን ብሎ ያይልሻል? እኔም እንዲሁ ሁለት ጊዜ ተባርሬያለሁ፣ ትቼው ሄድኩ። ሌላ ሥራ ፈልጊ። ሆቴል ሞልቷል።

የሰው ኃይል ባለሙያ

ወንድም ያራዳው፣ አትቀየመኝ፣ ግን ይኼ ምክር ነው ብዙ ሰው ያስቀረው።

ዘጠኝ ዓመት በሰው ኃይል አስተዳደር ሠርቻለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል በቃልም ይመሠረታል ነው የሚለው። በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ዓይነት፣ ደመወዙን፣ የሚከፈልበትን ሁኔታ ጽፎ ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። አሠሪው ይህን ባለማድረጉ ሠራተኛው መብቱን አያጣም። ወረቀት መስጠት የእሱ ግዴታ ነበር፣ አልሰጠም፣ ጥፋቱ ወደ አንቺ አይዞርም። እንዲያውም ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ ነው የሚል ነገር ከሌለ ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ነው የሚቆጠረው። «የሙከራ ጊዜ ላይ ነበረች» የሚሉም አይጠፉም። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ካልተስማማችሁበት የለም። ቢኖርም ከ60 የሥራ ቀን አያልፍም፣ አንቺ ሁለት ዓመት አልፈሻል።

አሁን ስንብቱ። ያለ ማስጠንቀቂያ ለማባረር ሕጉ ምክንያቶቹን ቆጥሮ አስቀምጧል። ለምሳሌ በጽሑፍ እየተነገረሽ በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ማርፈድ፣ ወይም በጽሑፍ እየተነገረሽ በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን መቅረት። ያኔም ቢሆን ምክንያቱና ቀኑ በጽሑፍ ይሰጥሻል። «ከነገ አትምጪ» የሚባል ስንብት በአዋጁ የለም። በአሠሪ ላይ አቤቱታ ማቅረብ ደግሞ ለስንብት በቂ ምክንያት አይሆንም ተብሎ ለብቻው ተጽፏል። አንቺ የተባረርሽው ትርፍ ሰዓት ጠይቀሽ በማግስቱ ነው። ማንም ዳኛ ሁለቱን ቀን አጠገብ ለአጠገብ ያያቸዋል።

ሂሳቡን ልሥራልሽ፣ እንዲያው ደስ ይለኛል። 5,200ን ለ208 ሰዓት ስታካፍዪው (26 ቀን በ8 ሰዓት) በሰዓት 25 ብር ነው። ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ይባዛል፣ 37.50 ይሆናል። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ያለው በ1.75፣ ማለትም 43.75። በሕዝብ በዓል ቀን ትርፍ ሰዓት በሁለት ተኩል፣ 62.50። የዕረፍት ሰዓትሽን ቀንሼ በቀን ስምንት ሰዓት ትርፍ ይዣለሁ፣ ስድስቱ ሰዓት የቀን፣ ሁለቱ የሌሊት ተመን። አንዱ ቀን 312.50 ነው፣ አራቱ ቀን 1,250። ጥር 11 ብቻውን ትርፍ ሰዓቱ 500። ድምር 1,750፣ የበዓሉን መደበኛ ሰዓት እጥፍ ክፍያ ሳልጨምር። ሕጉ ትርፍ ሰዓት በቀን ከአራት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይከለክላል። ግን በልጦ ከተሠራ አይከፈልም ማለት አይደለም። ክልከላውን የጣሰው እሱ ነውና።

የ900ው ነገር ደግሞ ቀልድ ነው። ከደመወዝ የሚቆረጠው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም ፍርድ ቤት ሲያዝ፣ አለዚያ ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። «እንግዳ አምልጧል» ከነዚህ አንዱ አይደለም።

የአዘዞ አናጢ

እኔ ስለ ሽምግልናው ብቻ ልናገር፣ እሱ ነው ያቃጠለኝ።

አንድ እንጨት ቤት አምስት ዓመት ሠርቼ ነው የተባረርኩት። እኔም ሽማግሌ ላክሁ። ባለቤቱ ጎረቤታችን ነው፣ ልጁን ክርስትና ያነሣው አባቴ ነው። እንዴት ልክሰሰው? መጀመሪያ «መስቀል ይለፍ» አለ። መስቀል አለፈ። «ገና ይድረስ» አለ። ገና ደረሰ። ከዚያ ታመመ፣ ከምሩ ነው የታመመ፣ ልንጠይቀው ሄድን፣ እናቴ ዶሮ ይዛ። ሰባተኛው ወር ላይ ሽማግሌዎቹ «ሁለት ሺህ ብር ይሰጥህና እርቅ ይሁን» አሉኝ። እምቢ ብዬ ፍርድ ቤት ሄድኩ። ሬጅስትራሩ ወረቀቴን አየና ቀና ብሎ እኔን አየ። «እስካሁን የት ነበርክ?» ብቻ ነው ያለኝ። በይርጋ ቀረ።

ሰውዬው ሲሸመግል እያወቀ ነው ጊዜ የሚገዛው ልል አልችልም። ምናልባት አያውቅም ነበር። ግን ሽማግሌ ፊት ተቀምጠሽ ሻይ እየጠጣሽም ቀኑ ይቆጥራል። እኔ ይህን የሚነግረኝ ሰው አልነበረኝም። አንቺ ገና ጊዜ አለሽ፣ ዓለሜ፣ እባክሽ።

ባለ ካፌው

እኔ በሌላው ወገን ነኝና እንዳትደበድቡኝ።

ማራኪ ላይ ትንሽ ካፌ አለችኝ፣ ስድስት ልጆች ይሠራሉ። መጀመሪያ ኮሮና፣ ከዚያ ጦርነት፣ ከዚያ ደግሞ የመንገዱ ነገር። ጎንደር ላይ ቱሪስት እንደ ድሮው አይደለም። ጥምቀት የዓመቱን ኪራይ የምናወጣባት ሳምንት ናት። በዚያች ሳምንት ትርፍ ሰዓት እያባዛህ ክፈል ማለት ለብዙዎቻችን ዝጋ ማለት ነው። ደግሞ ልጆቹ በጥምቀት የሚያገኙት ቲፕ ከደመወዛቸው ይበልጣል፣ እኔ ራሴ አይቻለሁ።

ልጅቷ በቃል መባረሯ ግን ልክ አይደለም። እሱን አልደግፍም።

የሰው ኃይል ባለሙያ

ጋሼ ባለ ካፌው፣ በወግ ስለጻፍክ አመሰግናለሁ። ችግሩን አውቀዋለሁ።

ግን ቲፑ የእንግዳው ስጦታ ነው። አዋጁ ደመወዝን ሲተረጉም ከደንበኛ የሚገኝ የአገልግሎት ክፍያ ደመወዝ አይደለም ብሎ አውጥቶታል። ስለዚህ «ቲፕ አግኝተሻል» ብሎ ትርፍ ሰዓትን ማስቀረት አይቻልም። እንግዳው 100 ብር ጠረጴዛ ላይ ሲተው ያንተን ዕዳ እየከፈለልህ አይደለም፣ ይቅርታ ለመናገር ያህል ነው።

ለጥምቀት ሳምንት ደግሞ በፈረቃ መክፈል ይቻላል። እኔ የነበርኩበት ቦታ ለአምስት ቀን አራት ጊዜያዊ ልጆች በጽሑፍ ቀጥረን ነበር። ወጪው ከትርፍ ሰዓቱ ያነሰ ነበር፣ ልጆቹም በቆሙበት አያንቀላፉም ነበር።

ባለ ካፌው

ጊዜያዊ ልጅ ብርጭቆ ይሰብራል 😄 እሺ፣ ነጥቡ ገብቶኛል። የሚቀጥለው ዓመት እሞክረዋለሁ።

ማሂ

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። ታናሽ እህቴ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ይኼ አዋጅ ለእሷም ይሠራል? ሌላ ደግሞ የአጎቴ ልጅ ሆቴል ውስጥ «ሱፐርቫይዘር» ናት፣ አንቺ የሥራ መሪ ነሽ አዋጁ አይመለከትሽም አሏት። ነፍሰ ጡር ናት።

የማራኪ ሕግ

ማሂ፣ ባጭሩ። የቤት ሠራተኛን አዋጁ ከሽፋኑ አውጥቷል። ፍትሐ ብሔር ሕጉ ላይ ግን ስለ ቤት ሠራተኛ የሚናገሩ ድንጋጌዎች አሉ፣ ምንም የለም ማለት አይደለም።

የሥራ መሪ የሚባለው በደረቱ ላይ በተለጠፈው ስም አይደለም። መቅጠር፣ ማዘዋወር፣ ማሰናበት፣ የሥራ አመራር ፖሊሲ ማውጣት የመሰለ ሥልጣን ያለው ሰው ነው። የአጎትሽ ልጅ ጠረጴዛ የምታዳርስና የፈረቃ ዝርዝር የምትጽፍ ከሆነ ሠራተኛ ናት፣ ሱፐርቫይዘር ብትባልም። ሠራተኛ ከሆነች ደግሞ በእርግዝናዋ ጊዜና ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ውሏን ማቋረጥ አይቻልም፣ አዋጁ ከጠቀሳቸው ጥቂት ምክንያቶች በቀር። የወሊድ ፈቃዱ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ነው፣ ደመወዙ ይከፈላታል። ለምርመራ የምትሄድበትም ፈቃድ በክፍያ ነው። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት አይቻልም፣ ትርፍ ሰዓትም እንዲሁ።

አሁን ወደ ወይኒ። አናጢው ያለው ልክ ነው፣ ግን ይርጋው አንድ ስላልሆነ በደንብ ልለየው፣ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው።

ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ክስ ከተሰናበትሽበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ነው። ጥር 15 ከነበረ ሚያዝያ 15 አካባቢ ያበቃል። ባለቤቱ «ከፋሲካ በኋላ» ያለውን አሁን ቀን መቁጠሪያ ይዘሽ እይው። ፋሲካ፣ ከዚያ ዳግማይ ትንሣኤ፣ ከዚያ «እንግዳ አለብኝ» ሲል በሩ ይዘጋል። ከስንብቱ የሚመነጭ ገንዘብ፣ ካሳውም፣ የስንብት ክፍያውም፣ ስድስት ወር አለው። ያልተከፈለ ትርፍ ሰዓትና ደመወዝም መከፈል ከነበረበት ቀን ስድስት ወር ነው። የጥምቀቱ ገና ሕያው ነው፣ የአምናው ጥምቀት ግን ሞቷል፣ እሱን አትጠይቂ።

መመለስ ትፈልጊያለሽ ወይስ ገንዘቡን? አስቢበት። ፍርድ ቤቱ ወደ ሥራ ተመለሺ ካለ ያልተከፈለሽን ደመወዝ እስከ ስድስት ወር ሊያስከፍልሽ ይችላል። መመለስ ካልፈለግሽ ካሳ ነው፣ ያውም የአማካይ የቀን ደመወዝ በ180 ተባዝቶ። ዝቅ አድርጌ በ30 አካፍዬ ሳሰላው ወደ 31,200 ብር ይመጣል። የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ አለ፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሁለት ወር ነው፣ 10,400። የሥራ ስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ እየተጨመረ፣ ያንቺ 7,500 አካባቢ። ያልወጣሽው የዓመት ፈቃድ ካለ በገንዘብ ይቀየራል፣ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። ሥራ ሲቋረጥ ክፍያው በሰባት የሥራ ቀን መጠናቀቅ ነበረበት። ካዘገዩት ፍርድ ቤቱ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ሊያስከፍላቸው ይችላል። የሥራ ልምድ ወረቀትሽንም ጠይቂ፣ በነፃ ነው የሚሰጡት።

የሚሉሽን አስቀድሜ ልንገርሽ። «አላባረርናትም፣ ራሷ ጠፍታ ነው» ይላሉ። ሁሌም እንዲህ ነው። ስለዚህ ምስክር ያስፈልግሻል። «አትምጪ» ሲሉሽ ማን ነበር? ከአንቺ ጋር ትርፍ ሰዓት የጠየቁት ሁለቱ እዚያው ይሠራሉ? ፈርተው ላይመጡ ይችላሉ፣ አትቀየሚያቸው። የቴሌብሩን መልእክት አታጥፊ፣ በየወሩ አንድ ዓይነት ገንዘብ ከአንድ ቁጥር መምጣቱ ራሱ ይናገራል። የቴሌግራም ግሩፕ ከነበራችሁ አሁኑኑ ስክሪን ሾት አንሺ፣ ነገ ያስወጡሻል።

ሌላው፣ «ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ቢያቀርቡልሽ አትፈርሚ። ብትፈርሚም ሠራተኛ በሕግ ያለውን መብት ትቻለሁ ማለቱ ውጤት የለውም። ግን ለምን ክርክር ትጨምሪያለሽ።

ክሱ ወረዳ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው የሚቀርበው፣ ሠራተኛ የዳኝነት አይከፍልም። ጠበቃ ከሌለሽ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ክስ መመሥረቻውን ይጽፉልሻል። ድሮ ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ የምንለው ቢሮም መሄድ ትችያለሽ፣ ስሙ ተቀይሯል፣ ሥራው ግን አለ።

ሽምግልናውን አታፍርሺ። ከስሽም ሽማግሌ ይቀጥላል። በክርክር መሀል ታርቀው የሚወጡ ሞልተዋል። እንዲያውም መጥሪያ ሲደርስ ነው ሽማግሌ የሚፈጥነው።

ያራዳው

እሺ ተሸነፍኩ። የኔስ? የመጨረሻው ስንብቴ ባለፈው ዓመት ሰኔ ነው።

የማራኪ ሕግ

ሰኔ ከሆነ አልፏል ወንድሜ። የሥራ ልምድ ወረቀቱን ግን ጠይቅ።

የአዘዞ አናጢ

ያራዳው፣ እንኳን ወደ ማኅበራችን በደህና መጣህ 😂

ወይኒ የጎንደር

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ አናጢው፣ ያንተን ለእናቴ አነበብኩላት። ዝም ብላ ቆየችና «ዶሮውንም ወስደው?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ ራሷ አጎቴ ጋ ደወለች። አጎቴ መጀመሪያ ከፋው፣ «እኔን አሳፍራችሁ» ብሎ። ከዚያ ለባለቤቱ አስቀድሞ ሊነግረው ተስማማ። «ልጅቷ ክስ ታስገባለች፣ እኛም ከፋሲካ በኋላ እንመጣለን» ሊለው ነው። ሁለቱም አብሮ ይሂድ አለ።

መመለስ አልፈልግም። ያንን ደረጃ ሳስበው እግሬ ያመኛል።

ዛሬ ጠዋት ማራኪ ነፃ የሕግ ድጋፍ ሄድኩ። አንዲት ልጅ ናት የተቀበለችኝ፣ ከኔ ብዙ አትበልጥም፣ ሁሉን ጻፈች። ምስክር ስትለኝ አንዷ እሺ ብላኛለች አልኳት፣ ሁለተኛዋ ስልክ አላነሳችም። ሰዓቱን በምን እናሳያለን አለችኝ፣ እኔ እንጃ አልኩ። ከዚያ ስልኬን ስጎረጉር በከተራ ዕለት ወጥ ቤት በር ላይ ሦስታችን የተነሳነው ፎቶ አለ፣ ነጠላ ትከሻችን ላይ ጥለን እየሳቅን። ልጅቷ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና በሁለት ጣቷ አሳደገችው። ከኋላችን ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የፈረቃ ወረቀት ነው። ስሜ ሁለተኛ መስመር ላይ አለ፣ ከጥር 8 እስከ 12፣ «1፡00 – 6፡00 ሌሊት» ይላል፣ ከሥር የሥራ አስኪያጁ ፊርማ አለበት።

ሰኞ እናስገባለን።